ልጅን ገና በማህፀን ሳለ ማከም፦ ሐኪሙ «እንጀምር» ሲሉ እናት እንዴት ትወስን?

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። የመጀመሪያ ልጃችን አዲስ አበባ ሳለን በዘጠነኛ ወሩ አረፈ። ጡንቻው እየላላ፣ ትንፋሹ እየከበደው ነበር። በሽታው ኤስኤምኤ የሚባል ጡንቻን የሚያዳክም የዘር በሽታ መሆኑን የጠረጠርነው እዚህ መጥተን እኔና ባለቤቴ ደም ስንመረመር ነው። አሁን የ19 ሳምንት ነፍሰ ጡር ነኝ። የእንሽርት ውሃ ተወስዶ ሲመረመር ይሄኛውም ልጅ በሽታው እንዳለበት ተነገረን። ስፔሻሊስቱ ልጁ ሳይወለድ የጂን ሕክምና የሚጀመርበት ጥናት ውስጥ እንድገባ ጠየቁኝ። በጣም ደግ ሰው ናቸው፤ እምቢ ማለት ከበደኝ። ባለቤቴ ‹ምን ታስቢያለሽ፣ ፈርሚ› ይላል። እናቴ በስልክ ‹የእግዜርን ሥራ አትንኪ› ትላለች። ማስወረድ አልፈልግም። እምቢ ብል ሐኪሙ ይተዉኛል? እሺ ብዬ ልጄ ቢጎዳስ ተጠያቂዋ እኔ ነኝ?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ በቅድሚያ የልጃችሁን ነፍስ ይማር፤ እናንተንም ያጽናችሁ። ልጅ የቀበረች እናት እንደገና አርግዛ ያንኑ በሽታ ስትሰማ ምን ዓይነት ፊት እንደሚኖራት በሥራዬ አይቻለሁ። ስለዚህ ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ ልመልስልሽ።

እምቢ ብትዪ ሐኪምሽ ሊተዉሽ አይችሉም። በአሜሪካ የፌዴራል የምርምር ደንብ መሠረት ጥናት ውስጥ የሚገባው በፈቃድ ብቻ ነው። አልገባም ያለች ሴት መደበኛ ሕክምናዋ አይነካም። ገብታ ሀሳቧን ብትቀይርም ያው ነው። ይህ በምትፈርሚው ቅጽ ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት። ፈልጊው፤ ካጣሽው «የት አለ?» በዪ። ሁለተኛው ጥያቄሽ ግን በአንድ መስመር አይመለስም። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ይለይ። ሐኪምሽ «የጂን ሕክምና» ያሉት የቱን ነው? በዚህ ስም ሰው ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ይጠራል። ከጻፍሽው የትኛው እንደሆነ አይለይም፤ አደጋቸው ደግሞ በጣም ይራራቃል።

አንደኛው አንቺ በአፍሽ የምትወስጂው መድኃኒት ነው። ሪስዲፕላም ይባላል። በእንግዴ ልጁ በኩል አልፎ ፅንሱ ጋ ይደርሳል። ጂን አይቀይርም። ልጁ ውስጥ ያለው ሌላ ደካማ ጂን የተሻለ እንዲሠራ ያግዛል እንጂ። ሁለተኛው እውነተኛው የጂን ሕክምና ነው። ጤነኛ ጂን በሽታ እንዳያመጣ በተደረገ ቫይረስ ላይ ተጭኖ ለፅንሱ በመርፌ ይሰጣል፤ ለምሳሌ በእትብቱ የደም ሥር። ይህ በአይጦችና በሌሎች እንስሳት ላይ ብዙ ተሞክሯል። ለሰው ፅንስ እንደ መደበኛ ሕክምና የፈቀደው አገር ግን የለም። ሦስተኛው ገና ማህፀን ውስጥ ያልገባ ሽል ላይ ጂን መቀየር ነው። ቻይናዊው ሄ ጂያንኩይ እ.ኤ.አ. በ2018 አደረግሁት ብሎ ዓለምን ያስደነገጠው ይህንን ነው፤ ሦስት ዓመት ተፈርዶበታል። እንዲህ ዓይነቱ ለውጥ ወደ ልጅ ልጅ ይተላለፋል። አንቺ 19 ሳምንት ላይ ስለሆንሽ የተጠየቅሽው ይህንን አይደለም። እናትሽ በዜና ሰምታ የፈራችው ግን ይህንን ሊሆን ይችላል። ለይተሽ ንገሪያት።

ስለ በሽታው ብዙ አልልም፤ ቤታችሁ ገብቶ አይታችሁታል። ልጁ ከእናትም ከአባትም የጎደለ ጂን ሲወርስ ጡንቻን የሚያዙት ነርቮች ይሞታሉ። ሁለታችሁም ተሸካሚ ከሆናችሁ በእያንዳንዱ እርግዝና ዕድሉ 25 በመቶ ነው። እዚህ ላይ «ከማን ዘር መጣ?» የሚል ዘመድ ካለ፣ መልሱ ከሁለታችሁም እኩል ነው። አንቺ ለብቻሽ የምትሸከሚው ጥፋት የለም።

አብዛኞቻችን አንድ መጠባበቂያ ጂን አለን። ደካማ ነው፤ የቅጂው (የኮፒው) ብዛትም ከሰው ሰው ይለያያል። የልጁ በሽታ ምን ያህል እንደሚከብድ በአመዛኙ የሚወስነው የዚህ ብዛት ነው። ስለዚህ ከፊርማ በፊት «ልጄ የመጠባበቂያው ጂን ስንት ኮፒ አለው?» ብለሽ ጠይቂ። ሁለት ኮፒ ያለው ልጅና ሦስት ኮፒ ያለው ልጅ አንድ ዓይነት ውሳኔ አይወሰንላቸውም። ይህን ሳይነግርሽ ቅጽ የሚያቀርብልሽ ሐኪም ካለ፣ ገና ሥራውን አልጨረሰም።

ከመወለድ በፊት የማከም ሀሳቡ ራሱ ጤናማ ነው። በከባዱ ዓይነት ነርቮቹ መጎዳት የሚጀምሩት ማህፀን ውስጥ ነው። ፅንስ ትንሽ ስለሆነ ትንሽ መጠን ይበቃዋል። የሰውነቱ መከላከያ ገና ስላልበሰለ እንግዳ ነገርን የመላመድ ዕድሉ ሰፊ ነው። በማህፀን ማከምም ትናንት የመጣ ነገር አይደለም። ኒውዚላንድ ውስጥ ዶክተር ዊልያም ላይሊ ለፅንስ ደም የሰጡት በ1963 ነው። በ2022 ደግሞ ኦታዋ፣ ካናዳ፣ ፖምፔ የሚባል የዘር በሽታ ያለባት ልጅ ገና በእናቷ ሆድ ሳለች የጎደላት ኢንዛይም በእትብቷ ሲሰጣት እንደነበር ታተመ። ወላጆቿ ከዚያ በፊት በዚሁ በሽታ ልጆች ቀብረዋል።

በልጅሽ በሽታ ደግሞ በ2025 መጀመሪያ ላይ በሜምፊስ፣ ቴነሲ ያለው የቅዱስ ጁድ የሕፃናት ሆስፒታል ሐኪሞች አንድ ታሪክ አሳተሙ። እናቲቱ እንደ አንቺ ልጅ አጥታለች። ከ32ኛው ሳምንት ጀምሮ ለስድስት ሳምንት ሪስዲፕላም ዋጠች። ልጅቷ ከተወለደች በኋላም መድኃኒቱን ቀጠለች። ሁለት ዓመት ተኩል ሲሞላት የኤስኤምኤ ምልክት አልታየባትም። ሳነበው ደስ ብሎኛል። ሐኪምሽም ሲነግሩሽ ዓይናቸው ቢበራ አልፈርድባቸውም።

ግን ሙሉውን ማወቅ አለብሽ። ልጅቷ ላይ ከልብና ከእይታ ጋር የተያያዙ ሌሎች ችግሮች ተገኝተዋል። ሐኪሞቹ መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት የተፈጠሩ ናቸው ብለው ያምናሉ፤ ሊሆንም ይችላል። ከአንድ ልጅ ግን ይህን አረጋግጦ መናገር አይቻልም። ጥሩው ውጤትም ቢሆን ምን ያህሉ ከማህፀኑ ሕክምና፣ ምን ያህሉ ከተወለደች በኋላ ከወሰደችው እንደመጣ መለየት አይቻልም።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደርሰናል። አንቺ ይህን ጥናት ከምን ጋር ነው የምታወዳድሪው? የምታወዳድሪው ከመጀመሪያው ልጅሽ ጋር ከሆነ መልሱ ያለቀ ነው። በአንድ በኩል ሞት፣ በሌላ በኩል ተስፋ። እንዲህ ሲቀርብ ማንም እናት ትፈርማለች። ግን ልክ የሆነው ማወዳደሪያ ይህ አይደለም። ይሄኛው ልጅ የሚወለደው ሕክምና ባለበት አገር ነው፤ በሽታውም ከመወለዱ በፊት ታውቋል። ትክክለኛው ጥያቄ «ሳይወለድ ብናክመው፣ እንደተወለደ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከማከም ምን ያህል ይበልጣል?» የሚል ነው።

እንደተወለዱ ማከም ደግሞ ዛሬ ቀላል ነገር አይደለም። ከ2016 መጨረሻ ወዲህ አሜሪካ ውስጥ ሦስት መድኃኒቶች ተፈቅደዋል። ከነሱ አንዱ፣ ዞልጀንስማ የሚባለው፣ አንድ ጊዜ ብቻ በደም ሥር የሚሰጥ የጂን ሕክምና ነው። ምልክት ሳይታይባቸው፣ በተወለዱ በስድስት ሳምንት ውስጥ ይህን መርፌ ያገኙ ሁለት ኮፒ ያላቸው 14 ሕፃናት ተጠንተው ነበር። 14ቱም ያለ መተንፈሻ ማሽን ኖረዋል፤ 14ቱም ራሳቸውን ችለው ተቀምጠዋል። ልጅሽን አስታውሺና ይህን ቁጥር አንብቢው። በእኩዮቻቸው ጊዜ የተራመዱት ግን ሁሉም አይደሉም፤ በማህፀን ማከምን የሚፈልጉት ተመራማሪዎች ሊሞሉ የሚሞክሩትም ይህንን ክፍተት ነው። መርፌውም ከአደጋ ነፃ አይደለም። በ2022 ሁለት ሕፃናት ከመርፌው በኋላ በጉበት መድከም ሞተዋል። ለዚህ ነው ከመርፌው በኋላ ጉበት በጥብቅ የሚከታተሉት።

የቀረበልሽ ሁለተኛው ዓይነት፣ ማለትም በቫይረስ የሚጫነው ከሆነ፣ ሌላም ነገር አለ። ሰውነት እንዲህ ዓይነት ቫይረስ አንዴ ካወቀ ቫይረሱን የሚዋጋ ፀረ እንግዳ አካል ሊያዘጋጅ ይችላል። የአንቺም ሰውነት እንዲሁ። ያ ደግሞ በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ልጁ ያልፋል። እንዲያ ከሆነ ከተወለደ በኋላ ሊሰጠው የነበረው፣ ውጤቱ የታወቀው መርፌ ላይሠራለት ይችላል። «የማህፀኑ ሙከራ ባይሳካ፣ ከተወለደ በኋላ ያለው በር ክፍት ይቆያል?» ብለሽ ጠይቂ። እኔ በግሌ ከሁሉም ጥያቄ ይህን አስቀድማለሁ። መልሱ «እናስባለን» ከሆነ ለእኔ አይበቃኝም።

አሁን ስለ ሐኪምሽ። ደግ ናቸው ብለሻል፤ አምንሻለሁ። ችግሩ ደግነታቸው አይደለም። ሁለት ሥራ ይዘው ሊሆን ይችላል። አንዱ አንቺን መከታተል ነው፤ ዓላማው አንቺና ልጅሽ ናችሁ። ሌላው ጥናት መሥራት ነው፤ ዓላማው ለሁሉም የሚጠቅም እውቀት ማግኘት ነው። ሁለቱም የተከበሩ ሥራዎች ናቸው። ነጭ ጋውኑ ግን አንድ ነው። ስለዚህ ታካሚዋ «ሐኪሜ ካሉኝ ለእኔ የሚበጀውን ነው» ትላለች። ጥናት ላይ እንዲህ ብሎ ማሰብ በጣም የተለመደ ነው፣ የተማሩ ሰዎችም ያስቡታል። ጥናት የሚደረገው ግን ይበጅ አይበጅ ስለማይታወቅ ነው።

ይህ ሁለት ሥራ ሲደባለቅ ምን እንደሚያመጣ የሕክምናው ዓለም በውድ ዋጋ ተምሯል። እ.ኤ.አ. በ1999 ፊላደልፊያ ውስጥ ጄሲ ጌልሲንገር የሚባል የ18 ዓመት ወጣት በጂን ሕክምና ጥናት ውስጥ ሞተ። መርፌውን በወሰደ በአራተኛው ቀን ነው። በሽታው በምግብና በመድኃኒት የተያዘ ነበር። የገባው በከባዱ ዓይነት የሚወለዱ ሕፃናትን ይጠቅማል ብሎ ነው። በኋላ ሲመረመር ቀደም ሲል በዝንጀሮዎች ላይ የደረሰው ሞት በስምምነት ቅጹ ላይ አልተጻፈም። የጥናቱ መሪ ደግሞ በጉዳዩ ጥቅም ያለው ኩባንያ ውስጥ ድርሻ ነበራቸው። ስለዚህ «በዚህ ጥናት ውስጥ የገንዘብ ጥቅም አለዎት?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ድፍረትም አይደለም። ጥሩ ሐኪም ይህን ጥያቄ ይጠብቀዋል።

ከዚያ ታሪክ ውስጥ ብዙ ሰው የማያነሳው አንድ ነገር አለ። ጥናቱ ለምን በሞት አፋፍ ላይ ባሉ ሕፃናት ሳይሆን ደህና በሆኑ አዋቂዎች ተጀመረ? የዩኒቨርሲቲው የሥነ ምግባር ምሁር አርተር ካፕላን ስለመከሩ ነው። ልጁ እየሞተበት ያለ ወላጅ በነፃነት ሊስማማ አይችልም፤ የቀረበለትን ሁሉ ይቀበላል የሚል ነበር ሀሳባቸው። እኔ በዚህ አልስማማም። ያዘነች እናት ማሰብ አትችልም ማለት ኀዘኗን እንደ እብደት መቁጠር ነው። አንቺ የጻፍሽው ጥያቄ ራሱ ይህን ያስተባብላል። ስጋታቸው ግን ባዶ አይደለም። ያዘነች እናት ጊዜ ያስፈልጋታል። ከተመራማሪው ውጪ ሌላ ሐኪም ማናገር ያስፈልጋታል። ይህን ማመቻቸት የሐኪሙ ግዴታ ነው፤ ለምኖ የሚገኝ ውለታ መሆን የለበትም። ጊዜ ደግሞ አለሽ። በሜምፊሱ ታሪክ መድኃኒቱ የተጀመረው በ32ኛው ሳምንት ነበር። የአንቺ ጥናት ቀነ ገደብ ቶሎ ከሆነም ቀኑን ጠይቂና በካላንደር ላይ አስቀምጪው። «ዛሬውኑ» የሚባል ነገር ግን አትቀበዪ።

«ፅንሱም ታካሚዬ ነው» የሚል አነጋገር ትሰሚ ይሆናል። እኔም እለዋለሁ፤ በማህፀን የማክመውን ልጅ ሌላ ምን ልበለው? ነገር ግን ወደዚያ ልጅ የሚወስደው መንገድ ሁሉ በአንቺ ሰውነት ያልፋል። መርፌው ሆድሽን ይወጋል፤ ምጥ ያለጊዜው ቢመጣ የሚመጣው አንቺ ላይ ነው። አከርካሪው ክፍት ሆኖ የሚፈጠር ፅንስን በማህፀን የመጠገን ኦፕሬሽን ጥሩ ምሳሌ ነው። በ2011 የታተመው ትልቅ ጥናት ለልጆቹ እንደሚጠቅም አሳየ፤ እንዲያውም ጥቅሙ ስለታየ ቀድሞ ቆመ። በዚያው ጥናት ላይ ግን ብዙዎቹ እናቶች ያለጊዜያቸው ወለዱ፣ የአንዳንዶቹም ማህፀን ላይ የሳሳ ጠባሳ ቀረ። ልጁ አተረፈ፣ እናቱ ከፈለች። ልክፈል አልክፈል የምትለው ከፋይዋ ናት።

ይህ ሲረሳ ምን እንደሚሆን ዋሽንግተን ዲሲ፣ እዚያው ጎረቤታችሁ፣ ታይቷል። በ1987 አንጄላ ካርደር የምትባል በካንሰር የታመመች የ26 ሳምንት ነፍሰ ጡር፣ ቤተሰቧም የሚከታተሏት ሐኪሞችም እየተቃወሙ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሆዷ ተከፈተ። ልጇ በሰዓታት ውስጥ ሞተች። እናቲቱም በሁለተኛው ቀን አረፈች። በ1990 የዲሲ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ያንን ትእዛዝ ሽሮ፣ ከሞላ ጎደል በሁሉም ሁኔታ የሚጸናው የእናቲቱ ውሳኔ ነው አለ። የአሜሪካ የማህፀንና ፅንስ ሐኪሞች ኮሌጅም ነፍሰ ጡርን አስገድዶ ማከምን ይቃወማል። ይህን የምነግርሽ ሐኪምሽ ያስገድዱሻል ብዬ አይደለም። «እምቢ» የሚለው ቃል በሕግም በሙያ ሥነ ምግባርም ክብደት እንዳለው እንድታውቂ ነው።

ወደ ባለቤትሽ ልምጣ። እሱም ልጅ ቀብሯል። «ፈርሚ» የሚለው ጨክኖ ላይሆን ይችላል፤ ቁጭ ብሎ መጠበቅ አቅቶት ይሆናል። በፌዴራሉ ደንብ ጥናቱ ሊጠቅም የሚችለው ፅንሱን ብቻ ከሆነ፣ ከእናቲቱ በተጨማሪ የአባትየውም ፈቃድ ይጠየቃል። ካልተገኘ ወይም እርግዝናው በመደፈር የመጣ ከሆነ ይቀራል። ስለዚህ የእሱም ፊርማ ሊያስፈልግ ይችላል። ስለ አንቺ ግን ሊፈርም አይችልም። ሁለት እሺ ያስፈልጋል፤ አንድ እምቢ ይበቃል።

እናትሽን በተመለከተ፣ እኔ ካህን አይደለሁም፤ ስለ ሃይማኖቱ የንስሐ አባትሽን አነጋግሪ። ሐኪም ሆኜ የማስታውሰው አንድ ነገር ግን አለ። የኤችአይቪ መድኃኒት አገራችን ሲገባ ብዙ ሕመምተኞች ፀበል ገብተው መድኃኒቱን አቋርጠው ነበር። በእኛ አቆጣጠር በ1999 ዓ.ም. ግድም አቡነ ጳውሎስ ፀበሉና መድኃኒቱ አይጣሉም፣ አብሮ መውሰድ ይቻላል ብለው አስተማሩ። ያ ትምህርት ሕይወት አትርፏል። ለእናትሽ ይህን ብታስታውሻት አይከፋም። የእሷ ፍርሃት ግን ሙሉ በሙሉ የእምነት አይመስለኝም። አንድ የልጅ ልጅ ቀብራለች። ሁለተኛ ኀዘን፣ በዚያ ላይ ልጄ ባደረገችው ነገር የመጣ ኀዘን እንዳይሆን ነው የምትፈራው።

ስለ እኛ ሰው ጠባይ አንድ ነገር ልበል። እኛ ዘንድ ክፉ ወሬ ለታካሚው በቀጥታ አይነገርም። መጀመሪያ ለቤተሰብ ይነገራል፣ ቤተሰብ ቀን መርጦ ያረዳል። እዚህ አገር ሐኪሙ ሁሉን ነገር ፊት ለፊት ይናገራል። ለሐበሻ ጆሮ ይህ ጭካኔ ይመስላል። ብዙዎች ደንግጠው ዝም ይላሉ፤ ሐኪሙ ደግሞ ዝምታውን እንደ ስምምነት ያየዋል። ሌላው ይሉኝታ ነው። «ይህን ያህል ደክመውልኝ እንዴት እምቢ እላለሁ?» ብለሽ ከፈረምሽ፣ የፈረመው ይሉኝታሽ ነው። ሐኪምሽ እንደምትዪው ደግ ከሆኑ ይህን አይፈልጉም። ባህላችንን ላያውቁት ስለሚችሉ እንዲህ ብለሽ ንገሪያቸው፦ «እኔ እምቢ ማለት ይከብደኛል። ዝም ካልኩ እሺ ማለቴ አይደለም።»

አስተርጓሚ ጠይቂ። እንግሊዝኛሽ ለሥራ ቢበቃም ለዚህ ላይበቃ ይችላል፤ ብዙ ሰው በሁለተኛ ቋንቋው «እሺ» ማለት ይቀለዋል። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ብቁ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት። ባለቤትሽ አስተርጓሚ አይሁን። ፈርሚ የሚል ሰው «አደጋ» የሚለውን ቃል ሳያስበው ያለሰልሰዋል። «አስተርጓሚው የማውቀው ሰው ቢሆንስ? ወሬው እድር ድረስ ቢደርስስ?» ብለሽ ከፈራሽ፣ ከሌላ ስቴት በስልክ የሚያስተረጉም ሰው እንዲሰጡሽ መጠየቅ ትችያለሽ። አስተርጓሚውም እንደ ሐኪሙ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት።

ማስወረድን አልፈልግም ብለሻል። ሐኪም ያሉትን አማራጮች አንድ ጊዜ መንገር ግዴታው ነው። አንዴ መልስሽን ከሰማ በኋላ ግን ማክበር አለበት። ጥናቱን የሚሠሩት ሰዎች በዚህ ውሳኔ ውስጥ እንዳይገቡ ደንቡ ራሱ ይከለክላል።

እንግዲህ ወደ ተውኩት ጥያቄሽ፦ ልጄ ቢጎዳ ተጠያቂዋ እኔ ነኝ?

አይደለሽም። አውቀሽ፣ ጠይቀሽ፣ ለልጅሽ ብለሽ የወሰንሽው ነገር ባይሳካ ጥፋት አይባልም። እምቢ ብለሽ ከተወለደ በኋላ ቢታከምና ትንሽ ድካም ቢቀርበትም ያው ነው። ሁለቱም ውሳኔ የጥሩ እናት ውሳኔ ነው። ይህን ለማጽናናት ብዬ አይደለም። የቱ እንደሚሻል የሕክምናው ዓለም ራሱ ገና አያውቅም፤ ባለሙያው የማያውቀውን አንቺ አላወቅሽም ተብለሽ አትወቀሺም። ተጠያቂነት ያለው አንድ ቦታ ነው፦ የሚታወቀውን ነገር ሳይነግርሽ ያስፈረመሽ ሰው ካለ እሱ ላይ። ቅጹ ላይ ጉዳት ቢደርስ ማን እንደሚያሳክም፣ ካሳ ይኑር አይኑር መጻፍ አለበት። ብዙ ቅጾች ላይ ካሳ የለም የሚል ነው የምታገኚው። ከመፈረምሽ በፊት እወቂው።

አንድ ከባድ ነገር ግን አልደብቅሽም። ክኒን ቢሆን ማቆም ይቻላል። በመርፌ የገባ ጂን ግን ተመልሶ አይወጣም። «በማንኛውም ጊዜ መውጣት ትችያለሽ» ሲሉሽ፣ ከመርፌው በኋላ መውጣት ማለት ከክትትሉ መቅረት ማለት ብቻ ነው። የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን በአሁኑ ወቅት በስፋት ለሚሠራበት የቫይረስ ዓይነት እስከ አምስት ዓመት፣ የሰውን ጂን ለሚቆርጡ ወይም ውስጡ ለሚገቡ ዓይነቶች እስከ 15 ዓመት ክትትል ይመክራል። ልጅሽ ራሱ ያልፈረመበት ነገር ውስጥ ነው የሚያድገው። ስለዚህ ጥናቱ ለልጁም ዕዳ አለበት፦ ሲያድግ ማን ይነግረዋል? ሰነዱ የት ይቀመጣል? አንቺ አገር ቤት ብትመለሺ ክትትሉ እንዴት ይሆናል? ይህ የመጨረሻው ለእኛ ሰው እውነተኛ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ቅጾች ደግሞ አያስቡበትም።

የእኔን አስተያየት ትፈልጊ ይሆናል። የቀረበልሽ በአፍ የሚወሰደው መድኃኒት ከሆነ፣ ልጁም ሁለት ኮፒ ብቻ ካለው፣ ከጥናቱ ውጪ ያለ ሐኪምም ካየልሽ፣ እሺ ማለት ምክንያታዊ ነው። ግዴታ ግን አይደለም። በቫይረስ የሚሰጠው ከሆነ፣ ከተወለደ በኋላ ያለው በር አለመዘጋቱ በማስረጃ ካልታየ እኔ እጠብቅ ነበር። ሦስት ኮፒ ካለው ደግሞ መጠበቅን የበለጠ እመክራለሁ። የምርመራ ውጤቶችሽን በእጃቸው የያዙት ሐኪሞች የተለየ ነገር ሊያዩ ስለሚችሉ ይህን አስተያየቴን ወስደሽ አከራክሪያቸው።

በመጪው ቀጠሮ ቅጹን ሳትፈርሚ ወደ ቤት ይዘሽ ሂጂ። ሆስፒታሉን ደውለሽ ከጥናቱ ጋር ግንኙነት የሌለውን የጄኔቲክስ አማካሪ ጠይቂ። ቅጹ ላይ የጥናቱን ሥነ ምግባር የሚቆጣጠረው ቦርድ ስልክ ይኖራል፤ እሱ ቁጥር የተጻፈው ለአንቺ ነው፣ ደውዪ።

ጥናቱ ውስጥ ገባሽም አልገባሽም ደግሞ አንድ ሥራ ከአሁኑ ይጀመር። ከተወለደ በኋላ የሚሰጠው የጂን መርፌ በ2019 ሲፈቀድ ዋጋው 2.1 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ኢንሹራንስ ሳይፈቅድ አይሰጥም፤ ፈቃዱም ጊዜ ይወስዳል። ልጁ እስኪወለድ ከተጠበቀ ውድ ቀናት ይባክናሉ። ሐኪምሽን፣ ሶሻል ወርከሯንና የሕፃናት ነርቭ ሐኪሙን በዚህ ወር አገናኚያቸው። ወረቀቱ ከወዲሁ ይሞላ፣ የትኛው ሆስፒታል እንደምትወልጂ ይወሰን፣ ልጁ በተወለደ ዕለት ደሙ የት እንደሚላክ በጽሑፍ ይሰጥሽ።